ስግድ የምግብ ድግስ አይደለም፣ መርዶም በዋትስአፕ አይነገርም

እስራኤል ውስጥ የቤተ እስራኤል ልጆች በብዛት የሚኖሩበት ከተማ ካለ፣ ማትናሱ (የሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል) ውስጥ የማኅበረሰብ አስተባባሪ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። ዕብራይስጡ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ አማርኛው ግን ከእናቱ ጋር እቤት የሚያወራውን ያህል ነው። ዓመታዊ በዓላችንን ስግድን አዘጋጅ ይባላል። የአዛውንቶች ክበቡን፣ የመታሰቢያ ቀኑን፣ የፋሲካውን ምሽት አዘጋጅ ይባላል። በጀት ይሰጠዋል፣ አዳራሽ ይሰጠዋል። ማንን መጠየቅ እንዳለበት ግን የሚነግረው የለም።

በዚህ ሥራ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ። አዲስ የሚገቡትን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ወንበር ሲሸከሙ፣ እስከ ሌሊት ስልክ ሲደውሉ፣ ለአያቶቻቸው የሚገባ ነገር ለመሥራት ሲደክሙ አያለሁ። ግን ያው ስህተት በየዓመቱ ሲደገም ማየት ደግሞ ልብ ያደርቃል። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ሕዝቡ እየጾመ ቡና ማፍላት

ስግድ ጾም ነው። ይህን የማያውቅ የኛ ልጅ ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። ግን በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ "የስግድ በዓል" እየተባለ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንጀራ ይቀርባል። ቡና ይቆላል። ሙዚቃ ይከፈታል፣ እስክስታ ይወረዳል። ከዚያ ፎቶ ተነስቶ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ሽማግሌዎቻችን በዚያች ሰዓት ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ቆመው ይጸልያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሰግዳሉ። ምግብ አልቀመሱም።

አንድ ጊዜ በአንድ ማትናስ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም። ነጭ የለበሱ አንዲት እናት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የሚቆላው ቡና ጭስ ወደሳቸው እየመጣ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። አንዲት ልጅ ትሪ ይዛ መጣች፤ የኛው ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች። "እማማ፣ ይቅመሱ እንጂ" አለቻቸው። "ልጄ፣ ጾም ነኝ" አሏት። ልጅቷ ግራ ገባት። "በበዓል ይጾማል እንዴ?" ብላ ጠየቀች። የልጅቷ ጥፋት አይደለም። ማንም አልነገራትም። ዝግጅቱን ያወጣው ሰው ግን ሊያውቅ ይገባው ነበር።

ስግድ ከአስተሰርዮ (ከኃጢአት ስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል። ሰው አስቀድሞ ገላውን ይታጠባል፣ ነጭ ልብሱን ያዘጋጃል። ጎንደር ውስጥ አምቦበር ላይ ሕዝቡ ከየመንደሩ መጥቶ ተራራውን ይወጣ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም ነበር። ካህናቶቻችን የሆኑት ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ይቀድማሉ። ሕጉ በሲና ተራራ የተሰጠበት ምዕራፍና የነህምያ መጽሐፍ በግዕዝ ይነበባሉ፣ ሕዝቡ እንዲሰማው ወደ አማርኛ ወይም ወደ ትግርኛ ይመለሳሉ። ሕዝቡ ይሰግዳል፣ እጁን ዘርግቶ ኢየሩሳሌም አግባን ይላል። ከሰዓት በኋላ ከተራራው ይወረዳል። ጾሙ በዳቦ ይፈታል። ዘፈኑና ጭፈራው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ እስክስታው ክልክል ነው አላልኩም። ሰዓቱ ነው የተሳሳተው። ደስታው ከጾሙና ከጸሎቱ በኋላ ሲመጣ ትርጉም አለው። ከፊት ሲመጣ ግን ጾሙን ያጠፋዋል፤ ልጆቻችንም በዓሉን በወጡ ብቻ ያውቁታል።

ምን ይደረግ? ትምህርት ቤቱ የግድ ጠዋት ይሁን ካለ፣ ያለ ምግብ አድርጉት። ቄስ ጋብዙና ከኦሪቱ ያንብቡላቸው፤ ልጆቹ የግዕዙን ዜማ በጆሯቸው ይስሙ። ምግቡን ለከሰዓት በኋላ አቆዩት። ቡናውን፣ ስፌቱን፣ ጭፈራውን ማሳየት ከፈለጋችሁ ከስግድ በፊት ባሉት ሳምንታት አንድ ምሽት ምረጡና የባህል ምሽት በሉት። በፈረንጅ 2008 የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት ስግድን በሕግ የመንግሥት በዓል ሲያደርገው አገሩ ሁሉ እንዲያውቀን ሆኗል። ደስ የሚል ነገር ነው። ያወቁን ግን የሚያዩት እኛ ያሳየናቸውን ነው።

ቄሱን አቁሞ ባለሥልጣን ማናገር

ቄሶቹ ጎህ ሳይቀድ ተነስተዋል። ጾመዋል። ጥምጥማቸውን አስረው፣ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ፕሮግራሙ ሲከፈት ከንቲባው ሰላምታ ያቀርባሉ። ቀጥሎ ምክትላቸው። ቀጥሎ የምክር ቤት አባል፣ ቀጥሎ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ተወካይ። ሁሉም ስለ ጽናታችን ይናገራሉ። ፀሐዩ ይበረታል። ቄሱ ገና ማንበብ ሲጀምሩ አስተባባሪው ከመድረኩ ሥር ሆኖ በእጁ "አሳጥሩ" እያለ ምልክት ያሳያል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ኦሪት እያነበቡ ያሉ ሽማግሌ ቄስ ላይ!

መጀመሪያ ቄሶቹ ዘንድ ሂዱ። ጸሎቱ ምን ያህል ይወስዳል ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ሰዓት ጻፉና አትንኩት። ለባለሥልጣን የሚሰጠው የቀረው ሰዓት ነው፤ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ቢናገሩ ደግሞ ለሁሉም ይሻላል። ከተማው ራቢ ካላቸው እሳቸውንም ቄሶቹንም ቀድማችሁ አናግሩ። ማን የት እንደሚቀመጥ መድረክ ላይ አይወሰንም።

የድምፅ ባለሙያውንም አስጠንቅቁት። ጸሎት ላይ "ሀሎ፣ ሀሎ፣ አንድ ሁለት" ማለት የለም። ማታ የሚዘፍነው ዘፋኝ ማይኩን የሚሞክረው ሕዝቡ ሳይመጣ ነው።

ቀኑን በፈረንጅ ካላንደር መያዝ

ስግድ በዕብራይስጡ ካላንደር ሔሽቫን 29 ነው። "ባለፈው ዓመት በኖቬምበር አጋማሽ ነበር" ብሎ አዳራሽ የሚይዝ ሰው በየጊዜው አይጠፋም። ቀኑ ሰንበት ላይ ሲውል ደግሞ ወደ ሐሙስ ይቀደማል። በ2024 ቅዳሜ ኖቬምበር 30 ላይ ዋለና ሐሙስ ኖቬምበር 28 ተከበረ። የዕብራይስጡን ካላንደር ክፈቱ፣ ከዚያ ቄሶቹን ጠይቁ፣ ከዚያ አዳራሽ ያዙ።

ወጥ ሠሪውን ሳይጠይቁ ማዘዝ

ዶሮ ወጥ ያለ ቅቤ አይጣፍጥም የሚል ባለሙያ ሞልቷል። እሱ ለሌላ ደንበኛ ይሥራው። ለኛ ዝግጅት ሥጋና ወተት አይገናኙም። በኦሪት "ጠቦቱን በእናቱ ወተት አትቀቅል" ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ በራቢዎቹ ሕግ ደግሞ ዶሮም እንደ ሥጋ ይቆጠራል። ስለዚህ ንጥር ቅቤ ያለው ዶሮ ወጥ፣ ከጥብስ ጎን የተቀመጠ አይብ፣ ከሥጋ በኋላ የሚመጣ ማኪያቶ፣ ሦስቱም አይሆኑም። "በዘይት ነው የሠራኸው?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። "ለሽሮውስ?" ብላችሁ ድገሙት፤ ሽሮ ላይ ቅቤ ጣል የሚያደርግ ብዙ ነው። ምስር፣ ጎመን፣ አልጫ፣ ሁሉም በዘይት ቢሆን ማንም ሳይጨነቅ ይበላል።

ሌላው ከዚህ የከፋ ነው። አዳራሹ የካሽሩት (የአይሁድ የምግብ ሕግ) ፈቃድ ካለው፣ ተቆጣጣሪው ከቤት ተሠርቶ የመጣ ምግብ አያስገባም። ይህን ቀድሞ የሚነግራቸው ጠፍቶ እናቶች ሌሊቱን ሲያቁላሉ ያድራሉ። ድስቱን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ይዘው ይመጣሉ። በር ላይ አይገባም ይባላሉ። አንዲት እናት ድስታቸውን አቅፈው የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። "እጄ ንጹሕ አይደለም ማለታቸው ነው?" ነበር ያሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ንጽሕናን ጠብቀው የኖሩ ሴት ናቸው። የሁለት ደቂቃ ስልክ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። እናቶቹ እንዲሠሩ ከፈለጋችሁ ከተቆጣጣሪው ጋር ተነጋገሩና በአዳራሹ ወጥ ቤት፣ እሱ ባለበት ይሥሩ።

በፋሲካ ስለ ጤፍ ሽማግሌ ማረም

ወጣቶቹ ያነባሉ። ጤፍ ከአምስቱ እህሎች ውስጥ የለም፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ስፔልት፣ አጃና ራይ ናቸው ሐሜጽ፣ ማለትም በፋሲካ የተከለከለ የቦካ እህል፣ የሚሆኑት። ልክ ናቸው። ከዚያ ግን በፋሲካ ምሽት እንጀራ ያዝዛሉ፣ አዛውንቶቹ አልነካም ሲሉ ደግሞ ሊያስረዷቸው ይሞክራሉ። አታስረዷቸው። በአገር ቤት ሥርዓት ፋሲካ ላይ የተብላላና የኮመጠጠ ነገር ሁሉ ይወገድ ነበር፣ እርጎ እንኳ። የሚበላው ወዲያው ተቦክቶ ወዲያው የተጋገረ ቂጣ ነው። እንጀራ ደግሞ ቀናት የቦካ ነው። እነዚህ ሰዎች ሱዳን በረሃ ውስጥ ሆነው ይህን የጠበቁ ናቸው። ቂጣና ድንች አቅርቡላቸው።

መርዶን በዋትስአፕ መልቀቅ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መጻፍ አልችልም።

በኛ ዘንድ ሰው መርዶ የሚረዳበት ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ማን ዜናውን እንዳልሰማ ይጣራል። በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ብዙ ሆነው ይሄዳሉ። ከመካከላቸው የሚወደውና የሚያከብረው ሰው ይናገራል። ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ሲጮህ የሚይዘው፣ ልጆቹን ወደ ጎረቤት የሚወስድለት ሰው አጠገቡ አለ። ሐዘኑ ብቻውን አያገኘውም። ለዘመናት እንዲህ ነው የኖርነው።

አሁን ምን ሆነ? አንዲት ሴት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ነበረች። አባቷ በዚያ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ወንድሞቿ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ከሥራ ስትመለስ እቤቷ ጠብቀው ሊያረዷት ተነጋገሩ። ጎህ ሲቀድ አንድ በጎ ፈቃደኛ ልጅ በሰፈሩ የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ የአባቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጠፈ። ሥሩ የቀብሩን ሰዓት ጻፈ። እሷ የአንዲት አሮጊት አንሶላ እየቀየረች ነበር። ስልኳ ጮኸ፣ ከፈተችው። ያገኟት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነው። አንድ እጇ ላይ የሥራ ጓንቷ እንዳለ ነበር።

ልጁ ክፉ አይደለም። ሕዝቡ ቀብር እንዳያመልጠው ብሎ ነው። ይህን ምክንያት ግን በቃ መስማት አልፈልግም። ስንት ሰው እንዲህ ተረዳ! በሥራ ቦታ፣ በጎዳና፣ በሠራዊት ካምፕ፣ መኪና እየነዳ። "ነፍስ ይማር" የሚለውን ከታች አንብቦ ማን ሞተ ብሎ ወደ ላይ ሲያወጣ የገዛ እናቱን ፎቶ ያገኘ ሰው አውቃለሁ።

እስራኤል ውስጥ ቀብር ፈጣን እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ አስከሬን አይደር የሚል ልማድ አለ። ስለዚህ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ሰዓታት ነው። በነዚያ ሰዓታት ሥርዓቱ ሊጠበቅ ይችላል፣ እንዲህ ነው የምናደርገው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ቀብሩን ከሚያስፈጽመው ከሔቭራ ካዲሻ ጋር ይነጋገራል። ሌላ አንድ ሰው ያልተረዱትን ስም በወረቀት ይጽፋል፦ ልጆች፣ ወንድምና እህት፣ እናትና አባት፣ የትዳር ጓደኛ። ሩቅ ከተማ ላለው፣ እዚያው ከተማ ያሉ ሽማግሌዎች ይደወልላቸዋል፣ እነሱ ይሄዳሉ። ልብ ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች፣ መድኃኒቷን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሄዳል። ከወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ስም ሲሰረዝ ብቻ፣ ቤተሰቡ ፈቅዶ፣ ግሩፑ ላይ ይጻፋል። የግሩፕ አስተዳዳሪ ከሆናችሁ ሐዘን ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ እንዳይለጠፍ ዛሬውኑ ደንብ አውጡ። የለጠፈ ካለ አጥፉበት፣ ይቀየማችሁ።

የተቃራኒውም ስህተት አለ። ዘመድ ጎንደር ሲሞት፣ "በዓሉ ይለፍ፣ ልጁ ፈተናውን ይጨርስ" እየተባለ መርዶው ይዘገያል። ማዘግየቱ በፍቅር ነው። ግን አንድ ነገር እወቁ። በሐላኻው (በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ) መሠረት 30 ቀን ሳያልፍ የተረዳ ሰው ሙሉ ሰባት ቀን ለሐዘን ይቀመጣል። ከ30 ቀን በኋላ የተረዳ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚቀመጠው። ሰው አባቱን በቅጡ ሳያለቅስ እንዲቀር እየወሰናችሁለት ሊሆን ይችላል። እንደ ፋሲካ ያለ በዓል መሐል ሲገባም የተጀመረውን ሰባት ቀን ይቆርጠዋል። ይህን ሁሉ ቤተሰብ ብቻውን አይወስን። ቄሱን ወይም ራቢውን በዚያው ቀን ጠይቁ።

የለቅሶ ቤት ደግሞ "ከአምስት እስከ ስምንት እንቀበላለን" የሚል ወረቀት በር ላይ አይለጠፍበትም። የኛ ሰው ከአገሩ ጫፍ አውቶቡስ ተኮናትሮ ይመጣል፤ በደረሰ ሰዓት ይገባል።

ትንንሽ የሚመስሉ

ሽማግሌ በዋትስአፕ አይጠራም፤ ደውሉ፣ ከቻላችሁ ሂዱ።

በክረምት ዓርብ ከሰዓት ምንም አታዘጋጁ። በዲሴምበር ሰንበት ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ይገባል፣ ሰው ቤቱ መድረስ አለበት።

የሰንበት ዳቦ ቄሱ ሳይባርኩ አይቆረስም፤ ለፎቶ ብላችሁም አትቁረሱ።

የሠርግ አዳራሽ ቅድሚያ ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑን ለቄሱ ወይም ለራቢው አሳዩ። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትና በዕብራይስጡ ካላንደር ከታሙዝ 17 እስከ አብ 9 ያሉት ቀናት ሠርግ የማይደገስባቸው አሉባቸው።

"የሱዳኑን ነገር በአምስት ደቂቃ ይንገሩን"

በዕብራይስጡ ካላንደር ኢያር 28 ወደ እስራኤል ሲጓዙ በመንገድ ላይና በሱዳን መጠለያዎች ላለቁት ወገኖቻችን የመታሰቢያ ቀን ነው። ቁጥራቸው ወደ 4,000 ይጠጋል ተብሎ ይገመታል። ኢየሩሳሌም ሔርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው። በየከተማውም ዝግጅት ይደረጋል። አስተባባሪው አንድ አባት ይፈልጋል፣ ተማሪዎች ፊት ያቆማቸዋል፣ "አባባ፣ ጉዞውን በአጭሩ" ይላቸዋል።

እኚህ ሰው ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ መጠለያ ላይ ልጅ ቀብረዋል። ለሚስታቸው እንኳ አንስተው አያውቁም። ማይክ ሲሰጧቸው ዝም ይላሉ። ወይም ይጀምሩና መሐሉ ላይ ጉሮሯቸው ይዘጋል፣ ልጆቹ ይንሾካሾካሉ፣ አስተባባሪው ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ብቻቸውን ወደ ቤት ይሄዳሉ። ያን ሌሊት እንዴት ያድራሉ?

አስቀድማችሁ እቤታቸው ሂዱ። ቡና ጠጡ። የሚሉትን ሁሉ ስሙ፣ የማይሉትን አትጎትቱ። ሕዝብ ፊት የትኛውን ክፍል መናገር እንደሚፈልጉ እሳቸው ይምረጡ። በዕለቱ የገዛ ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ይቀመጥ። ሰዓት አትገድቡባቸው፤ ሌላውን ፕሮግራም ቀንሱ። ሲጨርሱ ቤት ድረስ አድርሷቸው፣ በማግስቱ ደውሉላቸው።

ደግሞ ሁሉም በሱዳን አልመጣም። በፈረንጅ 1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ የመጣው በእግሩ ሱዳን የገባ ነው። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው የመጣው ግን ከአዲስ አበባ ነው። እሱም መከራ አለው፤ ቀዬውን ጥሎ አዲስ አበባ በኪራይ ቤት ወራት የጠበቀ፣ እዚያ ሕፃን የሞተበት ነው። "እርስዎ በረሃውን እንዴት አለፉት?" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት በየት እንደመጡ እወቁ።

ትግርኛ ተናጋሪውን መርሳት

ዝግጅቱን በዕብራይስጥ ብቻ ማድረግ ስህተት መሆኑን አሁን ብዙዎቹ ገብቷቸዋል። አስተርጓሚ ያመጣሉ። አስተርጓሚው አማርኛ ይናገራል፣ ሥራው አለቀ ይባላል። አላለቀም። ከትግራይና ከወልቃይት የመጡ ወላጆቻችን ትግርኛ ነው የሚናገሩት። ከነሱ መሐል አማርኛ በደንብ የማይሰሙ እናቶች አሉ። በየዝግጅቱ ይመጣሉ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ያጨበጭባሉ፣ ምን እንደተባለ ሳያውቁ ይሄዳሉ። በአገር ቤት ስግድ ላይ እንኳ ኦሪቱ በትግርኛ ይመለስላቸው ነበር።

የልጅ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም ይቅር። በተለይ ስለ ጤና ወይም ስለ ጡረታ በሚወራበት ቀን። የ10 ዓመት ልጅ ፊት አያት የሚያማቸውን አይናገሩም፤ ልጁም ያልገባውን ቃል ይዘልለዋል። አዳራሽ በያዛችሁበት ቀን ሁለቱንም አስተርጓሚ አብራችሁ ያዙ፤ ትግርኛ የሚችለውን ቀድማችሁ ፈልጉ፣ ቶሎ አይገኝምና።